ከሚዘጋ ድረ ገጽ ጽሑፎቼን የማውጣት ሥራ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ጠዋት ላለፉት ስምንት ዓመታት ስጽፍበት ከነበረው፣ ጽሑፍ በተከፈተ ቁጥር ለጸሐፊው ጥቂት ሳንቲም ከሚከፍል ድረ ገጽ አጭር ደብዳቤ ደረሰኝ። ድረ ገጹ ከ30 ቀን በኋላ የካቲት 6 እንደሚዘጋ፣ ከዚያ በኋላ ጽሑፎችም አስተያየቶችም እንደማይገኙ፣ በመለያቸው ውስጥ ከ50 ዶላር በታች ያላቸው ጸሐፊዎችም ክፍያ እንደማይፈጸምላቸው ይናገራል። በእኔ መለያ ውስጥ 38 ዶላር ከ40 ሳንቲም አለ። ገንዘቡ ያበሳጨኛል፤ ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን እዚያ ያሉት 187 ጽሑፎቼ ናቸው፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ሌላ ቅጂ የላቸውም።

ይህ በእኔ ላይ ሲደርስ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ድረ ገጽ በ2008 ዓ.ም. ያለ ማስጠንቀቂያ ተዘግቶ በእንግሊዝኛ የጻፍኋቸውን 94 ጽሑፎች ይዞ ጠፍቷል። በዚያን ጊዜ ጉዳቱ የእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳነብ ግን የዚያ ዘመን ከፋይ የጽሑፍ ድረ ገጾች አብዛኞቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተከታትለው መዘጋታቸውን ተረዳሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 ያሁ «ቮይስስ» የተባለውን ክፍሉን ዘጋ፤ በዚያው ዓመት ስኩዊዱ ይዘቱን ለሀብፔጅስ አስረክቦ ቆመ፤ ሂሊየምም ተዘጋ። በ2015 በብሉስ የተባለው፣ በ2016 ደግሞ ኤግዛሚነርና ሱ ተከተሉ። በየአንዳንዳቸው ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ይጽፉ ነበር።

ስለዚህ ሥራውን ከዛሬ ጀምሬ በማስታወሻ እየመዘገብሁ ለመሥራት ወስኛለሁ። በመጀመሪያ ጽሑፎቹን ከነአስተያየታቸው አወጣለሁ፤ ቀጥሎ እያንዳንዱ ጽሑፍ ስንት ሰዓት እንደፈጀና ስንት ሳንቲም እንዳስገኘ በሠንጠረዥ አሰፍራለሁ፤ በመጨረሻም የሚገባቸውን በራሴ አድራሻ ላይ አስቀምጣለሁ። ጽሑፎቹ በአብዛኛው ስለ እጅ ሥራ ናቸው፦ ስለ ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች፣ ስለ ቀጨኔና ስለ ወለቃ ሸክላ ሠሪዎች፣ በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ ቆርቆሮ ወደ ምድጃና ወደ ሳጥን ስለሚለውጡ ሰዎች። አማርኛ በማስተምርባቸው ዓመታት በዕረፍት ቀኖቼ እየዞርሁ የሰበሰብኋቸው ናቸው።

ጥር 8

ድረ ገጹ ጽሑፍን ጠቅልሎ የማውጫ ቁልፍ የለውም። እያንዳንዱን ገጽ ከፍቶ፣ አስተያየቶቹን አሥር አሥር እያስመጡ እስከ መጨረሻው ዘርግቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ኢንተርኔቱ ፈጠን የሚለው ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ስለሆነ ሥራዬን ወደ ሌሊት አዛውሬዋለሁ፤ ትናንት 14፣ ዛሬ 13 ጽሑፎች አወጣሁ። ፋይሎቹን የምሰይመው ጽሑፉ በተጻፈበት ዓመትና ወር፣ ቀጥሎም በሥራው ዓይነት ነው፤ «2010 ኅዳር ሸክላ ቀጨኔ» እንደሚለው። ድረ ገጹ ለእያንዳንዱ የሰጠው ረጅም ቁጥር ነገ ትርጉም ስለማይኖረው አልያዝሁትም።

ጥር 9

ኮምፒውተር የሚያጠናው የእህቴ ልጅ መጥቶ «አክስቴ፣ ይህን በእጅሽ ስትሠሪ ወሩ ያልቅብሻል» ብሎ ገጾቹን በራሱ የሚያወጣ አጭር ፕሮግራም ጻፈልኝ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ 31 ጽሑፎች ወጡ። ከዚያ በኋላ መለያዬ «የሮቦት እንቅስቃሴ ታይቶበታል» ተብሎ ለ24 ሰዓት ታገደ። የራሴን ጽሑፍ ለማንበብ ስሞክር «ፈቃድ የለዎትም» የሚል ገጽ ሲመጣ ማየት በጣም ከበደኝ። ለድረ ገጹ ሁኔታውን አስረድቼ ጻፍሁ፤ መልስ አልመጣም። እገዳው ሲነሳ በገጽና በገጽ መካከል ጊዜ እየሰጠን በዝግታ ልንቀጥል ተስማምተናል።

ጥር 13

ከተራና ጥምቀት አልፈው ትናንት ማታ ወደ ሥራው ተመለስሁ። ዛሬ የገጠመኝ ችግር ግን ከእገዳውም የባሰ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የተጻፉት 58 ጽሑፎች ከነአስተያየታቸው ሲወጡ ፊደላቸው ተበላሽቶ፣ በግዕዝ ፊደል ፋንታ የላቲን ምልክቶችና የጥያቄ ምልክቶች ተደርድረው ታዩ። በድረ ገጹ ላይም ሲታዩ እንዲሁ ናቸው፤ ባለቤቶቹ አንድ ጊዜ የመረጃ ማከማቻቸውን ሲቀይሩ የተበላሹ ይመስለኛል፤ እኔ ደግሞ የቆዩ ጽሑፎቼን ተመልሼ ስለማልከፍት አላስተዋልሁም።

የእህቴ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲመረምረው አድሮ ምክንያቱን አገኘው። ነገሩ አማርኛ የሚጽፍን ሁሉ የሚመለከት ስለሆነ በዝርዝር ላስፍረው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው የዩኒኮድ (የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በቁጥር የሚለይ ሥርዓት) እትም ውስጥ ገብቷል፤ ዛሬ በተለመደው የዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንዱ ፊደል በሦስት ባይት፣ ማለትም ኮምፒውተር መረጃን በሚያኖርባቸው ሦስት ትንንሽ ክፍሎች፣ ይቀመጣል። የድረ ገጹ ማከማቻ ግን እነዚህን ባይቶች ዊንዶውስ 1252 በሚባለው የምዕራብ አውሮፓ ፊደላት ሠንጠረዥ መሠረት አንድ ባይት አንድ ፊደል ነው ብሎ አንብቧቸዋል። ይህ ብቻ ቢሆን ሂደቱን ወደ ኋላ በመመለስ ሁሉም ይስተካከል ነበር። ችግሩ ሠንጠረዡ ካሉት 256 ቦታዎች አምስቱ ባዶ መሆናቸው ነው፤ ባይቱ በእነዚያ ቦታዎች ላይ ሲወድቅ ማከማቻው ይጥለውና በምትኩ የጥያቄ ምልክት ያኖራል።

በአምስቱ ባዶ ቦታዎች ላይ የሚወድቁት ፊደላት እነማን እንደሆኑ ዘርዝረን ስናይ ልቤ ተሰበረ። የፀ፣ የፈ እና የፐ ቤተሰቦች በሙሉ፣ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝም ጭምር፣ መካከለኛው ባይታቸው ጠፍቷል። ከሌሎች ቤተሰቦች ደግሞ ሁ፣ ል፣ ም፣ ሐ፣ ቁ፣ ነ፣ ኝ፣ ው፣ ዝ፣ ግ እና ሌሎችም ጥቂቶች የመጨረሻው ባይታቸው የለም። «ነው» የሚለው ቃል፣ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በብዛት የሚያርፍበት ቃል፣ ሁለቱም ፊደሎቹ ከጠፉት ውስጥ ናቸው። ስለዚህ የ58ቱ ጽሑፎች ዓረፍተ ነገሮች መጨረሻ የላቸውም።

ሆኖም ከጠፉት ሁሉ የሚመለሱ አሉ። መካከለኛው ባይት የጠፋበት ፊደል በእርግጠኝነት ከፀ፣ ከፈ፣ ከፐ ቤተሰብ፣ ከሥርዓተ ነጥቦቹ ወይም ከግዕዝ ቁጥሮች አንዱ ነው፤ የቀረው የመጨረሻ ባይት የትኛው እንደሆነ ይነግረናል። ሁለት ባይት የጠፋባቸው ፍ፣ ፁ፣ ፏ እና ፐ ብቻ በግምት ይሞላሉ። የመጨረሻው ባይት የጠፋባቸውን ግን ማሽን ሊወስናቸው አይችልም፤ ለአንዱ ባዶ ቦታ ሁ፣ ል፣ ሏ፣ ሐ እና ም እጩዎች ይሆናሉ፣ ለሌላው በአብዛኛው ነ እና ኝ፣ ለሌላው ው፣ ዐ እና ዝ። እነዚህን ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው እያነበበ መሙላት አለበት። የእህቴ ልጅ በእያንዳንዱ ክፍት ቦታ ላይ እጩዎቹን በቀይ እንዲያሳይ አድርጎ አዘጋጀልኝ።

ጥር 16

በቀን ሦስት ጽሑፍ እየጠገንሁ ነው። ዓይኔ ይደክማል፤ ነገር ግን ይህን ያህል በቀስታ ጽሑፎቼን አንብቤ አላውቅም። ልጁ በየመሐሉ «ይህኛው ል ነው ወይስ ም?» እያለ ሲጠይቀኝ አንዳንድ ጊዜ እኔው የጻፍሁትን እርግጠኛ ሆኜ መመለስ ያቅተኛል። የራሴ ከሆነ የራሴን ቃል ልተካበት እችላለሁ፤ የአስተያየት ሰጪዎችን ቃል ግን እንደዚያ ማድረግ አልፈቅድም። በእነርሱ ጽሑፍ ውስጥ እርግጠኛ ያልሆንሁበትን ፊደል ሁሉ ከሥሩ እያሰመርሁ አልፋለሁ።

ጥር 19

ዛሬ ወደ ሒሳቡ ገባሁ። በእነዚህ ስምንት ዓመታት በደብተር የመመዝገብ ልማድ ስለነበረኝ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ የፈጀሁትን ሰዓት አውቀዋለሁ፤ ወደ ሠፈሮቹ የሄድሁበትን ሳይጨምር በጠቅላላው 1,040 ሰዓት ነው። የተከፈለኝ በዘጠኝ ጊዜ 325 ዶላር ነው፤ ዝቅተኛው የክፍያ መጠን 25 ዶላር በነበረበት ጊዜ አምስት ጊዜ፣ በ2012 ዓ.ም. በድንገት ወደ 50 ከፍ ከተደረገ በኋላ አራት ጊዜ። የማይከፈለኝ 38 ዶላር ከ40 ሳንቲም ቢጨመርበት እንኳ የአንድ ሰዓት ሥራ ዋጋ 35 ሳንቲም ገደማ ይመጣል።

ገንዘቡ የሚደርሰኝም በቀጥታ አልነበረም። ፔይፓል በኢትዮጵያ ለተከፈተ መለያ ገንዘብ መቀበልን ስለማይፈቅድ ክፍያው አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትኖረው የአጎቴ ልጅ መለያ ይገባና እርሷ ለበዓል ከምትልከው ጋር ደምራ ትልክልኝ ነበር። አንድም ጊዜ ሳታጓድል አድርሳልኛለች። ዝቅተኛው መጠን ሲጨምር የተጎዳነው ግን በተለይ እንዲህ ባለ መንገድ የምንቀበል ነን፤ በዓመት ሁለቴ ይመጣ የነበረው ገንዘብ በዓመት አንዴም መድረስ አቆመ።

የገንዘቡ ማነስ አላስገረመኝም፤ ከመጀመሪያውም የጻፍሁት ለገንዘቡ ብቻ አይደለም። ያልጠበቅሁት ነገር የታየኝ የጎብኚዎችን ቁጥር በሳምንት ከፋፍዬ ሳስቀምጠው ነው። ጥሩ የጻፍሁበት ሳምንት ብዙ አንባቢ፣ ደካማ የጻፍሁበት ጥቂት አንባቢ ያገኛል ብዬ ነበር። ሠንጠረዡ ይህን አያሳይም። ቁጥሩ የሚከተለው እኔ በዚያ ሳምንት በሌሎች ጸሐፊዎች ገጽ ላይ የተውሁትን አስተያየት ብዛት ነው። ከ60 በላይ አስተያየት በተውሁባቸው ሳምንታት ጽሑፎቼ ከ150 እስከ 200 ጊዜ ተከፍተዋል። በ2011 ዓ.ም. ሰኔ እናቴ ታማ ሆስፒታል ባደርሁባቸው ሳምንታት ሌሊት ሌሊት ሦስት ጽሑፍ ጽፌያለሁ፤ ከጻፍኋቸው ሁሉ ጥሩ ከምላቸው ውስጥ ናቸው፤ የሌላ ሰው ገጽ ግን አልጎበኘሁም። በዚያ ወር በየትኛውም ሳምንት የጎብኚዎቼ ቁጥር 20 አልሞላም።

ይህንን ከወንፈል የተሻለ የሚገልጽልኝ ቃል የለም። በገጠር ዛሬ እኔ የአንተን ማሳ አርሜ ነገ አንተ የእኔን ታርማለህ፤ በመጨረሻ ግን ሁለታችንም ከየማሳችን እህል እናስገባለን። በድረ ገጹ ላይ ወንፈሉ ነበረ፤ አዝመራው ግን በማስታወቂያው በኩል የባለቤቱ ነበር። እኔ የሌላውን ጽሑፍ የምከፍተው እርሱ የእኔን እንዲከፍት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሳላነብ፣ ግማሹን አይቼ «ግሩም ነው፣ ቀጥሉበት» ብዬ አልፋለሁ። ይህን ማድረጌን ዛሬ ስጽፈው ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የራሴም ጽሑፎች በአብዛኛው እንዲሁ ተከፍተው እንዲሁ የታለፉ ናቸው ማለት ነው። አንባቢ ብዬ ስምንት ዓመት የቆጠርሁት በአብዛኛው እንደ እኔ የደከመ ጸሐፊ ነበር።

ጥር 22

187ቱም ወጥተው አበቁ። በሁለት ፍላሽና በልጁ ላፕቶፕ ላይ ተቀምጠዋል።

ጥር 25

ዛሬ ሥራውን አቁሜ ስለ ባለቤትነት ሳነብ ዋልሁ፤ ጽሑፎቹን በሌላ አድራሻ ላይ ማውጣት እችል እንደሆነ ማረጋገጥ ነበረብኝ። ስመዘገብ ሳላነብ የተስማማሁበት ውል ድረ ገጹ ጽሑፎቹን እንዲጠቀምባቸው ፈቃድ ይሰጣል እንጂ ባለቤትነቱን አያስተላልፍም። በእኛም ሕግ፣ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ የሥራው መብት ከደራሲው ጋር ይጀምራል፣ በሕይወት ዘመኑና ከሞቱም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ጽሑፎቼን ይዤ መሄድ እችላለሁ።

በዚህ ጉዳይ አሜሪካ ውስጥ እስከ ፍርድ ቤት የደረሰ ክርክር እንደነበረም አነበብሁ። ሀፊንግተን ፖስት የተባለው የዜናና የአስተያየት ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2011 ኤኦኤል ለተባለው የኢንተርኔት ድርጅት በ315 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ፣ ያለ ክፍያ ይጽፉለት ከነበሩት አንዱ ጆናታን ታሲኒ በራሱና በሌሎች ጸሐፊዎች ስም ከሰሰ፤ የጠየቀውም 105 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የፌዴራል ፍርድ ቤቱ በ2012 ክሱን ውድቅ አደረገው። ጸሐፊዎቹ ክፍያ እንደማያገኙ አውቀው የሰጡትን ሥራ ድርጅቱ ስለተሸጠ ብቻ መልሰው ሊያስከፍሉበት አይችሉም የሚል ነው ፍርዱ። በሕግ ረገድ ሊገባኝ ይችላል፤ ነገር ግን ያ ድርጅት በዚያ ዋጋ የተሸጠው ጸሐፊዎቹ በሞሉት ገጽ መሆኑን ማንም ሊክደው የሚችል አይመስለኝም።

እኛ ደግሞ ክፍያ ቃል የተገባልን ነበርን፤ ቃሉ ግን በሌሎች እጅ ባለ ነገር ላይ የተመሠረተ ነበር። ጉግል እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ፓንዳ የተባለውን የፍለጋ ለውጥ ሲያደርግ ጥራታቸው ዝቅተኛ ነው ያላቸውን የጽሑፍ ማምረቻ ድረ ገጾች ከውጤቱ ወደ ታች ገፋቸው፤ የጎብኚ ቁጥርና የማስታወቂያ ገቢ አብረው ወረዱ። ሱ የተባለው ማኅበራዊ ድረ ገጽ ከማስታወቂያ ከሚያገኘው 90 በመቶውን ለተጠቃሚዎቹ አከፋፍላለሁ ብሎ በ2014 ተነሣ፤ በ2015 ፌስቡክ ወደ እርሱ የሚወስዱ ማያያዣዎችን ለወራት አግዶ ነበር፤ በ2016 ተዘጋ። በእንዲህ ያለ ድረ ገጽ ላይ የሚጽፍ ሰው ያልፈረመበት ውል ሁሉ ይደርስበታል። በሚጽፍበት ድረ ገጽ ከተበደለ ቢያንስ ደብዳቤ የሚጽፍለት አለ፤ እንደ ጉግልና ፌስቡክ ባሉት በሌሎቹ ዘንድ ግን የሚያውቀውም የለም።

ጥር 30

ወደ አስተያየቶቹ ተመለስሁ። በጠቅላላው 2,316 ናቸው። ሁሉንም አነበብኋቸው። አብዛኞቹ ከጥር 19ኙ ግኝት ጋር የሚስማሙ ናቸው፤ «ድንቅ»፣ «አመሰግናለሁ፣ እኔም ጋ ይምጡ»፣ አንዳንዶቹ ከጽሑፉ ጋር ምንም የማይገናኙ። 74ቱ ግን በእውነት ያነበበ ሰው የጻፋቸው ናቸው።

በሽሮ ሜዳ ጽሑፍ ሥር አያቱ ከጋሞ ደጋ መጥተው ሽመና የጀመሩ አንድ ወጣት መወርወሪያውን ለመሥራት የሚመረጠው እንጨት ለምን ለስላሳ መሆን እንደሌለበት አስረድቷል፤ እኔ በስህተት ተቃራኒውን ጽፌ ነበር። በምናለሽ ተራው ጽሑፍ ሥር አንድ አባት የቆርቆሮ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ የቱ ሱቅ ምን እየሠራ እንደሆነ መለየት ይቻላል ብለው አራት ዓይነት ምት ዘርዝረዋል። በወለቃው ጽሑፍ ሥር ከእስራኤል የጻፈች ሴት አለች፤ እርሷ ያደገችው ከጎንደር በስተ ሰሜን ባለችው በዚያች መንደር ሲሆን ቤተሰቧ እ.ኤ.አ. በ1991 ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከተወሰዱት ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ውስጥ ነበሩ። እናቷ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። የጻፈችው አስተያየት ከእኔ ጽሑፍ ይረዝማል።

እነዚህን 74 አስተያየቶች ያለ ባለቤቶቻቸው ፈቃድ ማዛወር ትክክል አይደለም። ድረ ገጹ ሲዘጋ በውስጡ ያለው የመልእክት መላኪያም ስለሚዘጋ አሁኑኑ መጻፍ አለብኝ። ሰዎቹ በድምሩ 52 ናቸው። ለሁሉም ማን እንደሆንሁ፣ አስተያየታቸውን የት ላኖረው እንዳሰብሁና ስማቸው እንዴት እንዲጻፍ እንደሚፈልጉ ጠየቅሁ፤ የኢሜይል አድራሻዬንም ሰጠሁ።

የካቲት 3

አሥራ ዘጠኝ ሰዎች መልሰዋል፤ ሁሉም ፈቅደዋል። ከወለቃዋ ሴት ገና አልመጣም።

በዚህ መሐል የሚዛወሩትን ጽሑፎች እየመረጥሁ ነው። ከ187ቱ 41ዱን አላዛውርም። ርእሳቸው «ሰባት ጥቅሞች»፣ «ማወቅ ያለብዎት አምስት ነገሮች» የሚሉ ናቸው፤ የጻፍኋቸው ቆጣሪውን ለማንቀሳቀስ ነበር፤ ዛሬ ሳነባቸው የእኔ ድምፅ የለባቸውም። ከቀሩት 146ቱም ብዙዎቹ ቅርጻቸው የድረ ገጹ ደንብ ያወጣው ቅርጽ ነው። ደንቡ አንድ ጽሑፍ ቢያንስ 400 ፊደል እንዲሆን ይጠይቅ ነበር፤ መለኪያው ለእንግሊዝኛ የተሠራ ነው። ሸማኔ የሚለውን ቃል እኛ በሦስት ፊደል ስንጽፈው በእንግሊዝኛ ያው ቃል ስድስት ፊደል ይወስዳል፤ ስለዚህ ለተመሳሳይ 400 ፊደል አማርኛ ጸሐፊ እጥፍ ሊጠጋ የሚችል ሐሳብ ማቅረብ ነበረበት። ክፍያው ደግሞ በገጽ መከፈት ስለሆነ ረጅሙን ጽሑፍ መቆራረጥ ያተርፋል። የሽሮ ሜዳውን ጽሑፍ «ድር»፣ «ማግ»፣ «መወርወሪያ»፣ «ጥለት» ብዬ በአራት ከፍዬው ነበር። ጨርቁ ግን በአራት አይሠራም፤ ድሩ ሳይዘረጋ ማጉ አይገባም፣ ጥለቱም የሚወጣው በዚያው መወርወሪያ ምልልስ ነው። በየክፍሉ መጀመሪያ «ባለፈው እንዳየነው» እያልሁ የደጋገምሁትን አውጥቼ አራቱን መልሼ አንድ ሳደርጋቸው ጽሑፉ በሲሶ አጠረ፤ የወጣቱንም እርማት በተገቢው ቦታ አስገባሁበት። ይህ አንድ ጽሑፍ ሁለት ቀን ፈጅቷል፤ ከጠቅላላው ሥራ ሁሉ ደስ ያለኝ ግን ይኸኛው ነው።

የካቲት 6

ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ድረ ገጹ ተዘጋ። ከዚያ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ገብቼ 38 ዶላር ከ40 ሳንቲም የሚለውን ገጽ ፎቶ አነሣሁት። የማይከፈለኝ መሆኑን አውቃለሁ፤ የሠራሁበት ማስረጃ ግን እንዲኖረኝ ፈለግሁ።

የካቲት 15

ከመጀመሪያው ድረ ገጽ ጋር የጠፉትን ጽሑፎች ለመፈለግ ሞከርሁ። ኢንተርኔት አርካይቭ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ለሕዝብ በከፈተው፣ የድረ ገጾችን የቆዩ ቅጂዎች በሚያሳየው ዋይባክ ማሽን የድሮውን አድራሻ እያስገባሁ ስፈልግ ከ94ቱ 37ቱ ተገኙ፤ ከእነዚህም 11ዱ የመጀመሪያው አንቀጽ ብቻ ነው፤ የቀረው «ተጨማሪ ለማንበብ ይጫኑ» ከሚለው ቁልፍ በስተጀርባ ስለነበር አልተቀዳም። ቁልፉን እዚያ ያስቀመጡት አንድ ጽሑፍ ሁለት ገጽ ሆኖ እንዲቆጠርና ሁለት ጊዜ ማስታወቂያ እንዲያሳይ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፉትን ወደ አማርኛ የማምጣቱ ሥራ ለክረምት ይቆየኛል።

የካቲት 24

አድራሻው ተከፈተ። የአገር ውስጥ አቅራቢ በብር የሚከፈልበት አነስተኛ ቦታ ሰጠን፤ የእህቴ ልጅ ገጾቹን ያለ ማስታወቂያ፣ በዘገምተኛ ስልክም ቶሎ እንዲከፈቱ ቀለል አድርጎ ሠራቸው። ዛሬ 62 ጽሑፎች ገብተዋል። የጎብኚ ቆጣሪ እንዲያስገባ ስላልፈለግሁ አላስገባም። መፈለጊያው ግን ገና ያስቸግራል፤ አንባቢ «ሐረር» ብሎ ሲጽፍ «ሀረር» የተባለውን፣ «ሥራ» ሲል «ስራ» የተባለውን አያገኝም። እኔ በጽሑፌ ሥርወ ቃሉን ተከትዬ እጽፋለሁ፤ አንባቢዬን ግን በዚህ ምክንያት ባዶ እጁን ልመልሰው አልፈልግም። ስለዚህ ጽሑፉ እንደተጻፈ ሆኖ መፈለጊያው ብቻ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ እንዲያይ እየተሠራ ነው።

ሙሉውን በወረቀትም አትሜ አስጠርዣለሁ። ሁለት ጥራዝ ሆኗል፤ አንዱን ለአጎቴ ልጅ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ልኬላታለሁ።

መጋቢት 2

ዛሬ ከወለቃዋ ሴት ኢሜይል ደረሰኝ። መልእክቴን ያየችው በመጨረሻው ቀን ነበር፤ ልጇ አድራሻዬን ገልብጦ አስቀምጦላት እስካሁን ጊዜ አላገኘችም። አስተያየቷ እንዲዛወር ፈቅዳለች፤ ስሟ ግን እንዳይጻፍ፣ «የወለቃ ልጅ» ብቻ እንዲባል ጠይቃለች።

የእርሷ አስተያየት ፊደላቸው ከተበላሹት ውስጥ ስለነበር እንዳስተካከልሁት አድርጌ ልኬላት፣ ከሥራቸው ያሰመርሁባቸውን ሰባት ፊደላት እንድታያቸው ለምኛት ነበር። ስድስቱን ትክክል ናቸው አለችኝ። ሰባተኛው የሚገኘው ስለ እናቷ በምትናገርበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። እኔ «እናቴ አፈሩን ወደ ቤት ከማምጣቷ በፊት ትምሰው ነበር» ብዬ ሞልቼው ነበር፤ ከማምጣት በፊት መቆፈር ስለሚኖር ሌላ ፊደል ይሆናል ብዬ አላሰብሁም። እርሷ እንዲህ ስትል መለሰችልኝ፦ «እርስዎ ም ብለው ሞልተውታል፤ እኔ የጻፍሁት ል ነበር። አፈሩን የሚቆፍሩት ወንድሞቼ ናቸው። እናቴ ቆንጠር አድርጋ ትልሰው ነበር፤ አሸዋ ያለበትን በምላሷ ታውቀዋለች፣ ያንን አታስመጣም።»

ፊደሉን አርሜዋለሁ። የወለቃው ጽሑፍ ነገ ጠዋት ከነአስተያየቱ ይገባል።